ድጎማው ለጉዳት ነው ወይስ ለምርት?

ስካይቪው ራንች ያለን ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. የጁን 13 ቀን 2020ን በረዶ መቼም አንረሳውም። በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ ሰፈሮች ጣሪያና የመኪና መስታወት ያደቀቀው ያ በረዶ የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስከፍሏል። ከስቶኒ ትሬይል ማዶ ያለው የሮኪ ቪው ካውንቲ ገበሬ ካኖላውና ገብሱ እንዲህ ሲመታበት ምን ይሆናል? «መንግሥት ለገበሬ ገንዘብ ያድላል ይባላል፣ እውነት ነው?» ለምትሉኝም መልሱ እዚሁ ላይ ነው።

እውነት ነው፣ ይከፍላል። ግን ገበሬውም አብሮ ያዋጣል። አልበርታ ውስጥ የሰብል ኢንሹራንሱን የሚያስተዳድረው ኤኤፍኤስሲ የተባለው የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ድርጅት ነው። ከአረቦኑ 40 በመቶውን ገበሬው፣ 36 በመቶውን የፌዴራል መንግሥት፣ 24 በመቶውን ክፍለ ሀገሩ ይሸፍናሉ። በድርቅ ወይም በውርጭ ምርቱ ዋስትና ከተገባለት መጠን በታች ሲሆን ካሳ ያገኛል። አግሪስታቢሊቲ የሚባል ሌላ ፕሮግራምም አለ። የተመዘገበ ገበሬ ወጪው ተቀንሶ የሚተርፈው ገቢ ከቀደሙት ዓመታት አማካይ ከ30 በመቶ በላይ ካሽቆለቆለ፣ ከዚያ ያለፈው ኪሳራ አብዛኛው ይተካለታል።

አሜሪካ ለጥጥ ገበሬዎቿ ስትከፍል የኖረችበት መንገድ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በነበሩት አራት የምርት ዘመናት ብቻ ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ዋጋ በወደቀ ቁጥር መንግሥት ልዩነቱን ስለሚሞላ ገበሬው ማምረቱን አይቀንስም፤ ትርፉ ጥጥ ወደ ዓለም ገበያ ይፈስሳል፣ ዋጋውም ይብስ ይወርዳል። ብራዚል በ2002 አሜሪካን በዓለም ንግድ ድርጅት ከስሳ አሸነፈች፤ ጉዳዩ የተዘጋው በ2014 አሜሪካ 300 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታ ነው። ቤኒን፣ ቡርኪና ፋሶ፣ ቻድና ማሊም በ2003 አብረው ጮኹ። ኢትዮጵያ ያኔ የአባልነት ማመልከቻ ገና ማስገባቷ ስለነበር የመክሰስ መብት አልነበራትም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን የመተማና የሁመራ ጥጥ አምራችም ይህ የዋጋ መውረድ ይነካዋል፤ የሀገር ውስጥ ፋብሪካ የሚገዛው የውጭውን ዋጋ እያየ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት ለፋብሪካዎቹ ጥሬ ዕቃ እንዳይጎድል ብሎ ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። እገዳው ኋላ ቢነሣም፣ እስኪነሣ ድረስ ፋብሪካውን የደጎመው ገበሬው ነበር። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማዳበሪያ መደጎሙ መልካም ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን ዝናብ ቀርቶ ሰብሉ ሲጠፋ የማዳበሪያው ዕዳ ገበሬው ትከሻ ላይ ይቀራል። በጋራ አረቦን የሚከፈል የሰብል ኢንሹራንስ ለእኛ ሀገር የማይሆን ነው የሚለኝን አልቀበልም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ትግራይ ውስጥ በተጀመረ የዝናብ ኢንሹራንስ ድሃ ገበሬዎች አረቦናቸውን በገንዘብ ፈንታ በጉልበታቸው፣ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ከፍለዋል።

አልበርታ ውስጥ በሰብል ኢንሹራንስ ወይም በእርሻ ሒሳብ ሥራ ላይ ያላችሁ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አሠራሩን በአማርኛ አዘጋጅተን ለመተማና ለሁመራ የገበሬ ማኅበራት እንላክላቸው።