የህንድ ምግብ ቤት ለሚገባ ወሎዬ

ከወልድያ አዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ የሚመላለስ የሰሜን ወሎ ሰው ቦሌ አካባቢ የህንድ ምግብ ቤት ማየቱ አይቀርም። ሳንጋምና ጁዌል ኦፍ ኢንዲያ ለዓመታት ስማቸው ሲነሣ የኖረው በዚያው ሰፈር ነው። ብዙው ሰው ግን በሩን እያየ ያልፋል፤ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ስሞች እንግዳ ይሆኑበታል፣ ምግቡም የባዕድ ይመስለዋል። እኔ ግን ከውጭ አገር ምግቦች ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው ይኸው ነው እላለሁ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገንም ባልጠበቅነው ቦታ ነው።

ከቅመሙ እንጀምር። እርድ፣ ከሙን፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፦ የህንድ ወጥ ቤት ከእጁ የማይለያቸው እነዚህ ናቸው። በኮረሪማ ፈንታ ዘመዱን ሄልን ይጠቀማል። የቁንዶ በርበሬ ዋና አገሩ የህንድ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ነው። በርበሬ ግን ለእነሱም ለእኛም እንግዳ ነበር፤ ከአሜሪካ አህጉር የተነሣ ተክል ነው። ከህንድ ጋር ያለን ንግድ ደግሞ ከበርበሬ ይቀድማል። በአክሱም ዘመን የህንድ ጨርቅና ብረት በአዱሊስ ወደብ ይገባ ነበር፤ በደብረ ዳሞም ሰሜን ህንድን የገዙት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል።

ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። እኛ ቅመሙን ከበርበሬው ጋር አስቀድመን እናስፈጫለን፤ ቀይ ሽንኩርቱንም ዘይት ሳይነካው ብዙ እናቁላላዋለን። የህንድ ወጥ ቤት ያልተፈጨ ከሙን በጋለ ቅቤ ወይም ዘይት ላይ ጥሎ መዓዛውን ያወጣና ከዚያ ይቀጥላል። ዳል የሚባለው ምግብ ይህን በደንብ ያሳያል፤ ምስሩ ወይም ማሾው ተቀቅሎ ካበቃ በኋላ ቅመም የተጠበሰበት ትኩስ ዘይት ከላይ ይፈስበታል። በነገራችን ላይ፣ ማሾ በደቡብ ወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላ የሚመረት ነው፤ ህንድም ከገዢዎቹ አንዷ ነበረች።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። በህንድ ሥጋ የማይበላ ሰው እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ የምግብ ዝርዝሩ ሥጋ ያለበትንና የሌለበትን ለይቶ ያስቀምጣል። ጿሚ ሰው ሥጋ የሌለበትን ሲያይ «ይኸው የጾም ምግብ» ብሎ ይደሰታል። አይደለም። ሥጋ የማይበላው ህንዳዊ ወተት፣ እርጎና ቅቤ ይበላል፤ ስለዚህ ንጥር ቅቤው ወይም ክሬሙ በብዙው ወጥ ውስጥ አለ። ፓኒር ከወተት የሚሠራ ጠጠር ያለ አይብ ነው። ናን የሚባለው ቂጣ እንኳ ብዙ ጊዜ ሊጡ ውስጥ እርጎ ወይም ወተት ይገባበታል፣ ከላይም ቅቤ ይቀባል። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም በፍልሰታ የሄደ ሰው «በዘይት ብቻ ይሠራልኝ፤ ቅቤም ክሬምም እርጎም አይግባበት» ብሎ በግልጽ ይዘዝ። ሽምብራው (ቻና ማሳላ)፣ ድንችና አበባ ጎመኑ (አሉ ጎቢ)፣ ባሚያውና ዳሉ እንዲህ ታዘው ሊሠሩ ይችላሉ። ከናን ይልቅ ከስንዴ ዱቄትና ከውኃ የሚጋገረውን ሮቲ፣ ያለ ቅቤ፣ ማዘዝ ይሻላል።

ሥጋውን በተመለከተ፣ የበሬ ሥጋ አትጠብቁ፤ ሂንዱዎች ላምን ስለሚያከብሩ በብዛት የሚቀርበው ዶሮ፣ በግና ፍየል ነው። የሙስሊም ሥጋ ይሁን የክርስቲያን መጠየቅም ነውር የለበትም። በወሎ አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ስላሉ ጥያቄው ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ከማዘዝ በፊት ጠይቆ መገላገል ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው በታንዱር የተጠበሰ ዶሮ እመክራለሁ። ታንዱር በከሰል የሚነድ ጥልቅ የሸክላ ምድጃ ነው፤ ናኑም የሚበስለው በውስጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። ለስለስ ያለ የሚወድ ደግሞ በቲማቲምና በቅቤ የሚሠራውን በተር ቺክን ይዘዝ።

ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንድ ዳል፣ አንድ የሥጋ ወጥ፣ አንድ ሩዝና ሁለት ቂጣ ይበቃችኋል። ወጡ በየሳህኑ ለብቻው ይመጣል፤ ከመሃል እየጨለፉ በየራስ ሳህን መብላት ነው። በእጅ መብላት እዚያም ወግ ነው፣ በቀኝ እጅ። ቂጣውን ቆርሶ ወጡን መያዝ ለእኛ ትምህርት አያሻውም። ጉርሻውን ግን ለወዳጅ አቆዩት፤ በህንድ የሌላ ሰው አፍ የነካውን ምግብ መካፈልን የሚጸየፍ ብዙ ነው። ምግቡ እንዳያቃጥላችሁ ወይም አልጫ እንዳይሆንባችሁ ስታዝዙ መናገር ይገባል፤ ከነገራችኋቸው ልክ ያደርጉታል። ከማዘዝ በፊት የዝርዝሩን ግርጌ ተመልከቱ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስና የአገልግሎት ክፍያ በዋጋው ላይ የሚደመር ከሆነ እዚያ ይጻፋል፤ ሳያዩ የቀሩ እንግዶች ሒሳቡ ሲመጣ ይደነግጣሉ።

የአዲስ አበባው መንገድ ለማይመቻችሁ የሐብሩ ወረዳ ሰዎች አንዱን ቤታችሁ ሞክሩት። የማንጎ ላሲ የሚባለው መጠጥ እርጎ፣ ማንጎና ጥቂት ስኳር ተመትቶ የሚሠራ ነው፤ ሄል ቢነሰነስበት ይበልጥ ያምራል። ማንጎው በመርሳ ገበያ ሞልቷል። እርጎው በጣም ያልኮመጠጠ ይሁን፤ ማንጎውም ቃጫ የበዛበት ከሆነ ከተመታ በኋላ በወንፊት አጥልሉት።