ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፤ በትንሽ ወጪና ያለ ግፊያ

የአካባቢያችን ገበሬ አዲስ አበባን አያውቃትም ለማለት አይቻልም። ያውቃታል፤ የሚያውቃት ግን በሕመም፣ በክስና በገበያ ምክንያት ነው። አንዱ ልጁን ለማሳከም ይሄዳል፤ ሌላው ይግባኝ ተከትሎ ይሄዳል፤ ሦስተኛው በግ ጭኖ ሄዶ፣ ሸጦ፣ በዚያው ቀን ይመለሳል። እነዚህ ሁሉ ከተማዪቱን ያዩዋት ልባቸው በሌላ ነገር ተይዞ ስለሆነ፣ ከተመለሱ በኋላ የሚያወሩት ስለ ግፊያው፣ ስለ ውድነቱና ስለ ኪስ አውላቂው ብቻ ነው። ባለቤቶቻቸው ደግሞ፣ ከተማዪቱ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆና ሳለች፣ ብዙዎቹ ጨርሶ አላዩዋትም።

ይህ ጽሑፍ ለጉዳይ ሳይሆን ለማየት ብቻ ስለሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። የእርሻ ባለሙያ ስለ ሽርሽር ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገባው ምክንያት አለ። ምርት ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ በየት በየት እንደወጣ ከገበሬዎች ጋር ቁጭ ብለን ስናሰላ፣ የከተማ ጉዞ ወጪ ብዙውን ጊዜ ሳይታሰብ የወጣ ሆኖ ይገኛል። በግፊያ ሰዓት ተደርሶ፣ በማይታወቅ ሰፈር ተዙሮ፣ መሽቶ አልጋ ተከራይቶ፣ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የተቀመጠው ብር ይጎድላል። ቀኑ፣ ሰዓቱና መንገዱ አስቀድሞ ቢታሰብ ግን፣ ከዚያ ባነሰ ወጪ ባልና ሚስት አብረው ሄደው ደስ ብሏቸው ሊመለሱ ይችላሉ።

ቀኑን ስለ መምረጥ

የጉዞው ወጪም ሆነ ግፊያው በይበልጥ የሚወሰነው በቀኑ ነው። በእኛ ደጋ የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ የሚገባው እስከ ጥር ድረስ ነው፤ በልግ አራሽ የሆነ ሰው ደግሞ ዝናቡ እንደጣለ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያሉት ሳምንታት ለጉዞ የተመቹ ናቸው። በዚሁ ወራት ግን ሁለት መጠንቀቂያ አለ። አንደኛው የጥምቀት ሰሞን ሲሆን፣ ያን ጊዜ መንገዱ የሚሞላው ታቦት በሚሸኝ ሕዝብ ነው። ሁለተኛው በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ በየዓመቱ የሚደረገው የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች ጉባኤ ነው፤ በዚያ ሳምንት ለእንግዶቹ መኪና ሲባል መንገዶች ይዘጋሉ፣ ታክሲውም ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። የፋሲካና የእንቁጣጣሽ ዋዜማም አይመረጥም፤ መናኸሪያው ይጨናነቃል፣ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅም አይጠፋም።

ከሳምንቱ ቀኖች ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ይሻላሉ። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራው የሚጣደፍበት ነው፤ ዓርብ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሁሉም ከከተማ የሚወጣበት ነው። ቅዳሜ ገበያ አለ። እሑድ ጠዋት ከተማዪቱ ጸጥ ያለች ናት፤ ማታ ግን ወደ ሥራውና ወደ ትምህርቱ የሚመለሰው ሰው አውቶቡሱን ስለሚሞላው መመለሻው ይቸግራል።

የሥራ ቀን እንዳይባክን የሚፈልግ ገበሬ ደግሞ አንድ ማለፊያ ዘዴ አለው። በየወሩ በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ29 ለበዓለ ወልድ በሬ አይጠመድም። በከተማ ግን በእነዚህ ወርኃዊ በዓላት መሥሪያ ቤት አይዘጋም፤ ሙዚየሙም ሱቁም እንደወትሮው ይውላል። እንግዲህ ከእነዚህ ቀኖች አንዱ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ቢውል፣ ገበሬው ከእርሻው ሥራ ምንም ሳያጎድል ከተማ ደርሶ ይመለሳል። እኛ ባለሙያዎች በዓል በዛ እያልን ስንወቅስ የኖርን ነን፤ ለዚህ ነገር ግን ብዛቱ ጠቅሟል። ዓመታዊው በዓል የተለየ ነው፤ ለምሳሌ ጥር 21 አስተርዮ ማርያም ስለሆነ ያን ቀን መንገዱም ደብሩም ሕዝብ ይበዛዋል።

ልጆችን መውሰድ የሚፈልጉ እንደሆነ በትምህርት ቤቱ የግማሽ ዓመት ዕረፍት ይውሰዱ እንጂ ለዚህ ሲሉ ከትምህርት አያስቀሯቸው።

አንድ ጎዳና ይበቃል

ብዙ ሰው ቀኑን የሚያበላሸው መርካቶንም፣ ፒያሳንም፣ ቦሌንም፣ እንጦጦንም በአንድ ቀን ለማዳረስ ሲሞክር ነው። ገንዘቡ ለታክሲ ያልቃል፤ ጊዜውም በወረፋ ያልፋል። መርካቶ የሚገዛ ነገር ላለው ሰው ጥሩ ነው፤ ላየው ብሎ ለሚሄድ ሰው ግን ግፊያው ራሱ ያደክማል። እንጦጦ መልካም ቦታ ነው፤ ሆኖም የደብረ ብርሃን ሰው ብርድና ባሕር ዛፍ ለማየት የመሳፈሪያ መክፈል ያለበት አይመስለኝም።

የምመክረው ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን ጎዳና ነው። በእግር የሚኬድ ነው፤ ቀስ ብሎ እያየ ለሚሄድ ሰውም ቀኑን ይሞላል። በዚህ ጎዳና ጫፍና ጫፍ የቆሙት ሁለቱ ሐውልቶች የሚናገሩት ስለ አንድ ዘመን ሲሆን፣ ያም ዘመን የእኛን አገር ሰው በቀጥታ የሚነካ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ ዱር የገቡት አርበኞች የብዙዎቻችን አያቶች ናቸው።

ከደብረ ብርሃን ጠዋት በ12 ሰዓት የተነሣ ሰው 3 ሰዓት ገደማ ላምበረት መናኸሪያ ይደርሳል፤ በዚያን ሰዓት የጠዋቱ የሥራ ግፊያ እየቀነሰ ነው። ከላምበረት እስከ መገናኛ በእግር መሄድ ይቻላል፤ የደከመው በታክሲ ይሂድ። ከመገናኛ ደግሞ «አራት ኪሎ» እያለ የሚጣራውን ታክሲ መያዝ ነው። ይህ መንገድ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ሲታደስ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል።

አራት ኪሎ አደባባይ የቆመው የሚያዝያ 27 ሐውልት ነው። ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከዚያ አጠገብ የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አጽም ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ያረፈው እዚህ ነው። በቅጽሩ ውስጥ የአርበኞች መቃብር አለ፤ ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በጽሑፏ ስለ እኛ የተሟገተችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትም በ1953 ዓ.ም. የተቀበረችው በዚሁ ነው።

ከአራት ኪሎ ወደ ላይ፣ ወደ አምስት ኪሎ በኩል ሲወጡ ብሔራዊ ሙዚየሙን ያገኛሉ። ከምድር በታች ባለው ክፍል ድንቅነሽ አለች። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር በተባለ ቦታ ተገኘች፤ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከመላ አጥንቷ የተገኘው 40 ከመቶ ያህሉ ነው። ለሕዝብ የሚታየው አምሳያው ሲሆን፣ ዋናው አጥንት እንዳይጎዳ በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ይህን ሲሰሙ ተታለልሁ ብለው አይዘኑ። ትልቁ ነገር ጉልበቷንና ዳሌዋን አስተውሎ ማየት ነው፤ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበረ ሊቃውንቱ ያወቁት ከዚያ ነው። ከላይ ባለው ፎቅ የነገሥታት ዘውድ፣ ልብስና ዙፋን ይታያል። ለመግቢያ የሚከፈለው ለአገሩ ተወላጅ ከውጭ አገር ሰው ያነሰ ስለሆነ መታወቂያ ይዞ መሄድ ደግ ነው።

ስድስት ኪሎ ላይ የቆመው የየካቲት 12 ሐውልት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኾች ምጽዋት ለመስጠት ሕዝብ በሰበሰበበት ጊዜ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ፋሽስቶቹም ለሦስት ቀን ያህል በከተማው ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ አደረጉ። ሐውልቱን ከጎኑና ከጎኑ ዞረው ይመልከቱት፤ የተቀረጹበትን ሥዕሎች ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ይረዳቸዋል።

ያ ቤተ መንግሥት ራሱ ከሐውልቱ አጠገብ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ ስለሰጡት ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ በውስጡም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ይገኛል። እኔ ለገበሬ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው። የየብሔረሰቡ ዕቃ የተደረደረው በየጠቅላይ ግዛቱ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ጨዋታ ይነሣና በጉልምስና አልፎ በሞትና በቀብር ሥርዓት ያበቃል። በቤቱ ያለውን ዕቃ የመሰለ በመስታወት ውስጥ ተከብሮ ሲያይ የማይገረም ገበሬ አይኖርም፤ ባለቤቱም ከእርሱ ይልቅ የምታስረዳው ብዙ ነገር ታገኛለች። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ቤቶችም እዚያው ናቸው። ከውጭ በኩል ወደ የትም የማይወስድ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ፋሽስት ሥልጣን የያዘበትን ዓመት እየቆጠሩ ለእያንዳንዱ አንድ እርከን የሠሩት ነው፤ ከነፃነት በኋላ በጫፉ ላይ ትንሽ የአንበሳ ምስል ተቀመጠበት።

በግቢው በር ፍተሻ አለ። ዱላ፣ ሰንጢና ማጭድ የመሰለ ነገር ስለማያስገቡ ከቤት ሲነሡ ይተዉት። በዓልም ሆነ ሌላ ምክንያት አጋጥሞ ሙዚየሞቹ እንዳይዘጉብዎት ከተማ የሚኖር ዘመድ ወይም የሚማር ልጅ አንድ ቀን አስቀድሞ እንዲጠይቅልዎ ያድርጉ።

ስለ ስንቅና ስለ ገንዘብ

በከተማ ገንዘብ የሚበላው ምሳ ነው። በሶና ቆሎ የማይበላሽ፣ የማይፈስ፣ በጾምም በፍስክም የሚሆን ስንቅ ነው፤ ገብሳችን ለዚህ የታወቀ ነው። ትኩስ ነገር የሚፈልግ ሰው ጉዞውን ረቡዕ ቢያደርግ፣ የጾም በያይነቱ ከሥጋ ወጥ በጣም በረከሰ ዋጋ ይገኛል። የቆሎ ገለባና የፍራፍሬ ልጣጭ መንገድ ላይ መጣል አሁን በአዲስ አበባ ያስቀጣል፤ በከረጢት ይያዙት።

ገንዘቡን በሦስት ከፍለው ይያዙ፤ የመመለሻው መሳፈሪያ ለብቻው፣ በማይነካ ቦታ ይቀመጥ። ቴሌብር ያለው ሰው ጥሬ ገንዘብ ብዙ መያዝ አያስፈልገውም። ስልክ ግን በሰው መካከል ማውጣት አይገባም። ከተጨናነቀ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ከመጋፋት ሌላውን መጠበቅ ይሻላል፤ ኪስ አውላቂ የሚሠራው በግፊያ መካከል ነውና።

ከሁሉ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከመናኸሪያ ይጠይቁ፤ ሰላም ካልሆነ ጉዞው ለሌላ ወር ይቆይ። ከብቱን የሚያጠጣና ላሟን የሚያልብ ጎረቤትም ከዋዜማው ይነገረው።

የመመለሻው ሰዓት ከመሄጃው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመንግሥት ሠራተኛ የሚወጣው በ11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ መገናኛ ላይ የታክሲው ሰልፍ እጅግ ይረዝማል። ስለዚህ በ9 ሰዓት ከስድስት ኪሎ መነሣት፣ በ10 ሰዓት ላምበረት መገኘት ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት የተጓዘ ሰው አልጋ ሳይከራይ ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ቤቱ ቅርብ ነው። በዚያን ሰዓት የደብረ ብርሃን ብርድ ስለሚጀምር ጋቢውን ከሻንጣ ሥር ሳይሆን በእጅ ይያዙት።