ባቡሩ ሁለት ቢሊዮን፣ ወለዱ ዘጠኝ ቢሊዮን
የሲያትል ነዋሪዎች ለባቡር የሰጡት ድምፅና የደረሰባቸው ሂሳብ

ብድር የለመደ ነጋዴ አበዳሪው ፊት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠይቀው የወለዱን ልክና የመክፈያውን ዘመን ነው። የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ሕዝብ ግን ይህን ጥያቄ ያነሳው ለአንድ የባቡር መስመር አራት ጊዜ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ነበር። መልሱ የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጁን 2005 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለሚፈጅ 22 ኪሎ ሜትር መስመር ከተማይቱ በ50 ዓመት ውስጥ በጠቅላላው 11 ቢሊዮን ዶላር ያህል ትከፍላለች ተባለ። ከዚህ ውስጥ ዘጠኝ ቢሊዮኑ ወለድ ነው። ከተማው በአንድ ሰሞን ተናወጠ።

መስመሩ ሞኖሬል ይባላል። ከመንገድ በላይ በምሰሶ ተሸክሞ በአንድ ሃዲድ ላይ የሚሄድ ባቡር ነው። ሲያትል ለ1962ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የሠራችው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን አጭር ሞኖሬል ስለነበራት ነዋሪው ይወደዋል። በ1997 ዲክ ፋልከንበሪ የተባለ የታክሲና የአስጎብኚ አውቶቡስ ሾፌር ፊርማ አሰባስቦ «ሞኖሬሉ ይስፋፋ» የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ውሳኔ አቀረበ። ሹማምንቱ ፈዘዝ ብለው ሲመለከቱት ሕዝቡ አሳለፈው። የከተማው ምክር ቤት ነገሩን ሊያዳፍነው ቢሞክር በ2000 ሕዝቡ እንደገና ድምፅ ሰጠ።

ቁም ነገሩ ያለው በ2002ቱ ድምፅ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለው የተወሰነው ያን ጊዜ ነውና። የባላርድን ሰፈር ከመሐል ከተማና ከዌስት ሲያትል የሚያገናኘው መስመር በመኪና ቦሎ ላይ በሚጣል ግብር እንዲሠራ ተወሰነ። ግብሩ ከመኪናው ዋጋ 1.4 በመቶ ነው፤ 10 ሺህ ዶላር የሚገመት መኪና ያለው ሰው በዓመት 140 ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ውሳኔው ያለፈው በ877 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር።

ግብሩ መሰብሰብ ሲጀምር ገቢው ከተገመተው በሲሶ ገደማ አነሰ። በዚህ ላይ ለግንባታው ጨረታ እስከ መጨረሻው የዘለቀው ተጫራች አንድ ብቻ ሆነ። አንድ ተጫራች ባለበት ጨረታ ዋጋ የሚተምነው ማን እንደሆነ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር አያሻም። ገቢ አንሶ፣ ዋጋ አልወርድ ሲል የፕሮጀክቱ ሰዎች ሦስተኛውን መንገድ መረጡ፤ ዘመኑን ማስረዘም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ክፍያ አሳንሶ ሸክሙን ወደ ኋላ የሚገፋ የቦንድ ዕቅድ አዘጋጁ። በወረቀት ላይ ሂሳቡ ገጥሟል። በ1.4 በመቶው ግብር የሚታሰሩት ግን ዕዳው በተፈረመበት ቀን ገና ያልተወለዱ ልጆች ነበሩ።

ዕቅዱ ይፋ በወጣ በሳምንታት ውስጥ የፕሮጀክቱ ዋና ኃላፊና የቦርዱ ሰብሳቢ ሥራቸውን ለቀቁ። ከንቲባው ግሬግ ኒከልስ በሴፕቴምበር ድጋፋቸውን አነሱ። በኖቬምበር 2005 መስመሩ አጥሮ ለአምስተኛ ጊዜ ለድምፅ ቀረበ፤ ከሦስት መራጭ ሁለቱ ያህል «በቃ» አሉ። አንድም ምሰሶ ሳይቆም ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። ለጣቢያ የተገዙት ቦታዎች ገበያው ወጥቶ ስለነበር በደህና ዋጋ ተሸጠው ዕዳውን ለመዝጋት ረዱ። ባለመኪናው ግን ለሞተው ባቡር እስከ 2006 አጋማሽ ድረስ ቦሎውን ሲከፍል ቆየ።

ከ60 በመቶ የጎደለው ድምፅ

የሲያትል ሰው በባቡር ድምፅ የተቃጠለው በዚህ ብቻ አይደለም። በፌብሩዋሪ 1968 ለፈጣን ባቡር 385 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ይሸጥ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቀሪውን ገንዘብ፣ ማለትም ከጠቅላላው ወጪ ሁለት ሦስተኛውን ያህል፣ የፌዴራል መንግሥት ሊሸፍን ነበር። ድጋፉ 50.8 በመቶ ሆነ። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ሕግ በንብረት ግብር የሚከፈል ቦንድ 60 በመቶ ድጋፍ ስለሚፈልግ ሐሳቡ ወደቀ። በ1970 እንደገና ቀረበ። ያን ጊዜ ግን የከተማይቱ ትልቁ አሠሪ ቦይንግ ሠራተኛውን እያሰናበተ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 ሺህ ወደ 40 ሺህ በማይሞላ ቁጥር እየወረደ ስለነበር፣ ሥራውን ያጣ ሰው ግብር ይጨመርብኝ የሚልበት ወቅት አልነበረም። ድጋፉ ከግማሽ በታች ሆነ። ለሲያትል ታስቦ የነበረው የፌዴራል ገንዘብ ወደ አትላንታ ሄደ፤ የአትላንታው ማርታ ባቡር የተሠራው በእሱ ነው ሲሉ ሲያትሎች ዛሬም በቁጭት ያወሩታል።

እዚህ ላይ ሳይጠቀስ የማይታለፍ አንድ ነገር አለ። በ1968 ባቡሩ በወደቀበት በዚያው የድምፅ ቀን የስታዲየም ቦንድ አልፏል። ኪንግዶም የተባለው ይህ ስታዲየም በ2000 በፈንጂ ፈረሰ፤ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው ግን በ2015 ነው። የወለድ ዕድሜ ከኮንክሪት ዕድሜ ይረዝማል።

ሬኒየር ቫሊና የአበሻ ሱቅ

በ1996 ሳውንድ ትራንዚት የተባለው የአካባቢው የትራንስፖርት ባለሥልጣን የ3.9 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ በሕዝብ ድምፅ አሳለፈ። የመጀመሪያው ቀላል ባቡር በ2006 ያልቃል ቢባልም፣ በ2000 ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መዝለሉ ሲታወቅ መስመሩ አጠረና ሥራ የጀመረው በጁላይ 2009 ሆነ። በመሐል ከተማና በቢከን ሂል ኮረብታ ሥር በዋሻ ሲያልፍ፣ ጥቁሮች፣ ቬትናሞችና ምሥራቅ አፍሪካውያን በሚበዙበት ሬኒየር ቫሊ ግን ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልቱ መሐል ተዘረጋ። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱት በዚሁ ሸለቆ ነው። ነዋሪዎች «ለእኛም ዋሻ» ብለው ተደራጅተው ፍርድ ቤት ድረስ ቢሄዱም አልረቱም። በምትኩ ለሰፈሩ 50 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ ተመደበ፤ ለተጎዱ ነጋዴዎች ካሳና ብድር የተሰጠው ከዚያ ነው።

ለዓመታት በተቆፈረ መንገድ ደንበኛ አይመጣም። የቤት ኪራይ ግን አይቆምም። ባቡሩ ሲያልፍ የመሬቱ ዋጋ ሲወጣ የተጠቀመው ቦታው የራሱ የሆነው ነው፤ ተከራዩ ባለሱቅ ደግሞ ቁፋሮውን ችሎ ሲያበቃ ኪራይ ተጨመረበት። በአዲስ አበባ የቀላል ባቡሩ ቁፋሮ በሱቃቸው ደጃፍ ያለፈ ነጋዴዎች ይህን ያውቁታል። ልዩነቱ፣ በ2015 ሥራ ለጀመረው የአዲስ አበባ 34 ኪሎ ሜትር መስመር 475 ሚሊዮን ዶላሩ በአብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ ሲበደር ድምፅ ይሰጥበት ያለ አልነበረም፤ የካሳ ፈንድም በምርጫ ክርክር አልተገኘም።

የኖቬምበር 2016 ድምፅ

ትልቁ ሂሳብ የመጣው በ2016 ነው። ሳውንድ ትራንዚት 100 ኪሎ ሜትር ያህል አዲስ ቀላል ባቡር ለመዘርጋት ወደ 54 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕቅድ አቀረበ። ክፍለ ግዛቱ የገቢ ግብር ስላልነበረው ገንዘቡ የሚለቀመው ከሦስት ቦታ ነው፤ በሽያጭ ታክስ ላይ ግማሽ በመቶ፣ በመኪና ቦሎ ላይ 0.8 በመቶ፣ በቤትና በመሬት ላይ ከእያንዳንዱ ሺህ ዶላር 25 ሳንቲም። የ600 ሺህ ዶላር ቤት ያለው ሰው በዓመት 150 ዶላር ይጨምራል። በመጨናነቁ የሠራተኞቻቸው ጊዜ የሚባክንባቸው እነ ማይክሮሶፍትና አማዞን ለድጋፍ ዘመቻው ገንዘብ አዋጡ። ሲያትል ታይምስ ጋዜጣ በርዕሰ አንቀጹ ተቃወመ። በቤልቪው ትልቁን የገበያ ማዕከል የያዙት ባለሀብት ኬምፐር ፍሪማን፣ ባቡሩ በድልድይ ሐይቁን እንዳይሻገር ቀደም ሲል በፍርድ ቤት ተሟግተው የተረቱት ሰው፣ አሁንም ከተቃዋሚዎቹ ጎን ነበሩ።

ዕቅዱ በ54 በመቶ አለፈ። ይሁንና ታኮማ የምትገኝበት የፒርስ አውራጃ መራጮች በአብዛኛው «አይሆንም» ብለው ነበር፤ ድምፁ የሚቆጠረው በአንድ ላይ ስለሆነ ሳይፈልጉ ከፋይ ሆኑ። ከእነሱም ይበልጥ አንደበት የሌለው ሌላ ከፋይ አለ። ከኤርፖርቱ ታክሲ የሚያሽከረክረው፣ ዜግነት ያላገኘው አበሻ ቦሎውን ይከፍላል፣ እንደ ጤፍ ያለ የምግብ ሸቀጥ ከመግዛቱ በቀር በአብዛኛው በሚሸምተው ዕቃ የሽያጭ ታክሱን ይከፍላል፤ የምርጫ ወረቀት ግን አይደርሰውም።

በ2017 ቦሎ ሲታደስ ጩኸት ሆነ። ግብሩ የሚሰላው ገበያው በሚያውቀው የመኪና ዋጋ ሳይሆን በ1990ዎቹ በወጣ ሰንጠረዥ ነበር። ሰንጠረዡ የአዳዲስ መኪኖችን ዋጋ ከገበያው በላይ ያስቀምጣል። ቲም አይማን የተባለው የግብር ተቃዋሚ በ2019 ቦሎ 30 ዶላር ይሁን የሚል ሐሳብ በመላው ክፍለ ግዛት አሳለፈ፤ በ2020 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሻረው። የቦንድ ገዢዎች እፎይ አሉ፤ ባለመኪናው እንደነበረው ቀጠለ።

አሁን ነገሩ ወደ ሞኖሬሉ ይመለሳል። ባላርድና ዌስት ሲያትል እስካሁን ባቡር የላቸውም። በ2021 የወጪ ንረቱ የጊዜ ሰሌዳውን አስቀይሮ ዌስት ሲያትል ወደ 2032፣ ባላርድ ወደ 2039 ተገፋ። በ2024 የወጣው ግምት ለዌስት ሲያትል ብቻ፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ለማይሞላ መስመር፣ ወደ ሰባት ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። በ2005 ሁለት ቢሊዮን ያስደነገጠው 22 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያን ጊዜ ሞኖሬሉን የገደሉት ተሳስተዋል ማለት ግን አይደለም፤ ውድ የነበረው ባቡሩ ሳይሆን ብድሩ ነው። የስህተቱ ዋጋ የወጣው የገንዘብ አወጣጡን ቀይሮ መስመሩን ማዳን ሲቻል ሁለቱም አንድ ላይ በመጣላቸው ነው። በ2025 ሳውንድ ትራንዚት በመላው ዕቅዱ ላይ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጉድለት መታየቱን ሲገልጽ የትኛው መስመር ይቀድማል፣ የትኛው ይጠር የሚለው ክርክር ወደ ቦርዱ ጠረጴዛ መጣ።

ይህን ሁሉ ሲጠብቅ የከረመው በዌስት ሲያትል የጣቢያ ካርታ ውስጥ የገባው ባለሱቅ ነው። ቦታው ይወሰዳል ስለተባለ ረጅም ውል የሚፈርምለት አከራይ የለም፣ ለማደሻ ብድር የሚሰጠው ባንክም ያመነታል። ደላሎች ደግሞ ከካርታው ጠርዝ ውጭ ባሉት ሁለት ሦስት መንገዶች ላይ ሲመላለሱ ይታያሉ።