ቅጠሉ ከደረቀ ኪስም ይደርቃል
የህንድ ተመራማሪዎች ባስማቲን ከነመዓዛው ከበሽታ ያዳኑበት መንገድ

የባስማቲ ነጋዴ የሚመረምረው ፍሬውን ነው፤ ርዝመቱን፣ ንጣቱን፣ መዓዛውን። የዋጋው ጉዳይ ግን ቀድሞ የሚጀምረው ማሳ ላይ፣ ከቅጠሉ ነው።

ቅጠል የሚያደርቀው የባክቴሪያ በሽታ በእስያ የሩዝ ገበሬ የታወቀ ጠላት ነው። የቅጠሉ ጫፍና ዳር ቢጫ ሆኖ ይደርቃል፤ ፍሬውም ሳይሞላ ይቀራል። በሽታው በዝናብ፣ በነፋስና በመስኖ ውሃ ይዛመታል። በጠናበት ማሳ የምርቱን ግማሽ ሊያሳጣ ይችላል። አስተማማኝ መድኃኒት ስላልተገኘለት ለርጭት የሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ዘሩ አዞሩ።

አንዱ መከላከያ የተገኘው ከአፍሪካ ነው። ከማሊ የተወሰደ የዱር ሩዝ ኤክስኤ 21 የተባለ፣ በሽታውን የሚቋቋም ጂን ይዞ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1995 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ፓሜላ ሮናልድና ባልደረቦቿ ጂኑን ለይተው አወጡት።

ይሁን እንጂ የዱር ሩዝ ገበያ የለውም። ባስማቲም ከእንግዳ ዘር ተዳቅሎ መዓዛውን ካጣ፣ በሽታን ቢቋቋም እንኳ የሚሸጠው በተራ ሩዝ ዋጋ ነው። የኒው ዴልሂው የህንድ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች መፍትሔ ያደረጉት የተዳቀለውን ሩዝ ከባስማቲው ጋር መልሶ ማዳቀልን ነው። በየትውልዱም ጂኑን የወረሰውን ቡቃያ በላቦራቶሪ እየለዩ አስቀሩ። በዚህ መንገድ የተሻሻለው ፑሳ ባስማቲ 1 እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበሬ ተለቀቀ።

ይህ ዘር የያዘው አንድ ጂን ሳይሆን ሁለት ነው፤ ኤክስኤ 13 እና ኤክስኤ 21። ምክንያቱም አንድ መቆለፊያ ሲውል ሲያድር ይሰበራል። በፊሊፒንስ ኤክስኤ 4 የተባለውን ጂን ይዘው በሰፊው የተዘሩ ዝርያዎችን ባክቴሪያው ራሱን ለውጦ አሸንፏቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተለቀቀው የደቡብ ህንዱ የተሻሻለ ሳምባ ማህሱሪ ደግሞ ሦስት ጂኖችን ደርቦ ይዟል።

ገበያውም በበኩሉ ጫና አድርጓል። የአውሮፓ ኅብረት ትራይሳይክላዞል የተባለው የሩዝ ሻጋታ መድኃኒት በባስማቲ ላይ የሚተወውን ቅሪት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በኪሎ ከ0.01 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2021 የተለቀቁት ፑሳ ባስማቲ 1847፣ 1885 እና 1886 ቅጠል አድራቂውንም ሻጋታውንም እንዲቋቋሙ የተዘጋጁ ናቸው።

አስመጪው ግን የዘሩን ስም ብቻ ሰምቶ መዋዋል የለበትም። ዘሩ ርጭትን ይቀንሳል እንጂ ገበሬው አልረጨም ማለት አይደለም። ያንን የሚናገረው የላቦራቶሪ ወረቀቱ ነው።