ገንፎው ከመድረሱ በፊት

አራስ ጥየቃ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ገንፎው መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤ ይሞላበታል፣ ጎረቤት አጥሚት ይዞ ይመጣል፣ የቻለ በግ ያርዳል። አራሷ ምድጃ ዳር ድርሽ አትልም። ይህችው ሴት ግን ከ2 ወር በፊት፣ ሆዷ ገፍቶ እያለ፣ እንስራ አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር፤ የምትበላውም ባሏና ልጆቿ ከጠገቡ በኋላ ከመሶቡ የተረፈውን ነበር። ሁሌም የሚከነክነኝ ይህ ነው። እናትን መንከባከብ እናውቅበታለን፤ የምንጀምረው ግን ዘግይተን ነው።

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ልጅ ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. 13.4 ሚሊዮን ሕፃናት እንዲህ ተወልደዋል፤ ከ10 አንዱ ማለት ነው። መነሻው ብዙ ነው፦ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ የደም ግፊት፣ መንታ እርግዝና፣ አራርቆ አለመውለድ። ምክንያቱ ጨርሶ የማይታወቅም አለ። ስለዚህ ያለ ጊዜዋ የወለደችን እናት «ስላልበላሽ ነው» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ሆኖም የከሳችና ደም ማነስ ያለባት ሴት አደጋው ይበልጥባታል፤ ልጇ ቀኑን ጠብቆ ቢወለድ እንኳ ክብደቱ ሊያንስ ይችላል።

ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ ክኒን ለዚህ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመጨረሻው እርግዝናቸው አይረን ወስደናል ያሉት እናቶች 42 በመቶ ሲሆኑ፣ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ በቅደም ተከተል 60 እና 11 በመቶ ደርሷል። ክኒኑ እጇ የገባ ብዙ ናት፤ የጨረሰችው ጥቂት። ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራ ያጠቁራል። ይህን አስቀድሞ የሚነግራት ካጣች ደንግጣ ትተወዋለች። ከምግብ ላይ የሚጠጣ ቡናና ሻይም ሰውነቷ አይረኑን በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ቡናውን አንድ ሁለት ሰዓት ማቆየት ይሻላል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ምክር ይጠብቃታል። «ብዙ ከበላሽ ልጁ ገዝፎ ምጡ ይጠናብሻል»፤ «ወተት አትጠጪ፣ ልጁ ላይ ይለጠፋል»። ሕፃኑ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ግን ቆዳውን የሚጠብቅለት የተፈጥሮ ቅባት ነው፤ ከወተት የመጣ አይደለም። ንስሐ አባቷ ጾሙን ሊያቀሉላት ሲችሉ ሳትጠይቃቸው የምትጾምም አለች።

የጤና ባለሙያዎች ለነፍሰ ጡር የሚመክሩት ከወትሮው በቀን አንድ ገበታ መጨመር ነው። በሠፈራችሁ ነፍሰ ጡር ካለች፣ ለአራስነቷ ካሰባችሁት እንቁላል ከፊሉን አሁን ውሰዱላት፤ እንስራውንም ተቀበሏት።