ሁለት ወንበር ለሦስት ሰው

ጣሪያው የሚታጠፍ ስፖርት መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ሸጠው ያውቃሉ? ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብዬ ሰኔ ላይ ጀመርኩ። የተሸጠው ጥቅምት ላይ ነው።

መኪናው መርሴዲስ ኤስኤልኬ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2011 ከተመረተው ሁለተኛው ትውልድ። ከባለቤቴ ጋር የገዛነው በተጋባን ዓመት ነበር። ወንበሩ ሁለት ብቻ ነው። ልጃችን ከተወለደች ወዲህ እሁድ እሁድ እናቴ ቤት ስንሄድ እሱ በመርሴዲስ፣ እኔና ልጄ በታክሲ ሆነ። (ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ያኔ አልሳቅኩም።)

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ እጃችን ላይ ያለ መኪና ሁሉ ወርቅ ይመስለናል። ቪትዝ ወይም ኮሮላ ከሆነ ገዢ አያጡም። የእኛን ዓይነት ግን የሚያደንቀው ብዙ፣ የሚገዛው ጥቂት ነው፤ ደላላ ከሚያመጣው ሰው ግማሹ ፎቶ ተነስቶ ይሄዳል። ስለዚህ ገና በስልክ “ሌላ መኪና አለዎት?” ብለው ይጠይቁ። ከሌለው ሻይ ጋብዘው ይሸኙት።

ጣሪያውንም ገዢ ሳይመጣ ይሞክሩት። አንድ ቁርጥ ያለ ገዢ ፊት ቁልፉን ብንጫን ብንጫን ንቅንቅ አልል አለ። “ተበላሽቷል” ብሎ ሄደ። ለካ የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ያለው መጋረጃ ካልተዘረጋ ጣሪያው አይሠራም፤ ታጥፎ የሚገባው እዚያው ነውና። መጋረጃውን ያነሳሁት እኔው ነበርኩ፣ የዳይፐር ካርቶን ልጭን ብዬ።

ከዚህ የከፋው ሐምሌ ላይ መጣ። በሾፌሩ መስኮት በላይ ውሃ ያስገባል፤ ጎማው በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። “ዝናቡ ሲያባራ እንሸጠዋለን፣ ዝም እንበል” አልኩ። ባለቤቴ ዝም ብሎ ሰማኝ። ጥቅምት ላይ ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ አንድ መሐንዲስ ሲመጡ ግን ሰላምታውን ሳይጨርስ የተሰነጠቀውን ጎማ በጣቱ አሳያቸው። በጣም ተናደድኩ። ሰውየው የጎማውን ዋጋ ቀንሰው በማግሥቱ ሊገዙ ተስማሙ፤ ሞተሩን ጋራዥ ወስደው ማስፈተሽ እንኳ አልፈለጉም።

ሊብሬው፣ ቦሎውና የቅጣት ጉዳይ አስቀድሞ ያለቀ ይሁን። በትዳር የተገዛ መኪና የጋራ ሀብት ስለሆነ ውልና ማስረጃ ሁለታችሁም ትቀርባላችሁ። ክፍያው በሲፒኦ ከሆነ ከመፈረምዎ በፊት ባንኩ ድረስ ሄደው ያረጋግጡ።

እኔ ስፈርም ባለቤቴ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። መሐንዲሱ ይህን አይተው መሰለኝ፣ የተቀበሉትን ቁልፍ መልሰው ሰጡት። “እስከ ቤቴ አንተ ንዳው ልጄ፤ ጣሪያውንም ክፈተው” አሉት።

እኔ በታክሲ ተመለስኩ።