ጥርሱ ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም

አንድ ኤክስካቫተር የዘይት ሆዙ ፈንድቶ ሲቆም፣ ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያዘገየው ጎማው አይደለም። ጎማው በልኩ ተቆርጦ በማሽን ይጨመቃል። የሚያስቸግረው ጫፉ ላይ ያለው ብረት ነው። ፊቲንጉ ላይ ጽሑፍ የለም፤ ቢኖርም ዝገትና መፍቻ አጥፍተውታል። ከሳጥን ውስጥ የሚመስለው ተፈልጎ ይሞከራል፣ ሁለት ሦስት ዙር ይሄዳል፣ "ይኸው ገባ" ይባላል። አደጋው የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ምን ያህል አደጋ እንደሆነ በቁጥር ማየት ይቻላል። ብዙ ዘመናዊ ኤክስካቫተሮች እስከ 350 ባር ገደማ በሚደርስ የዘይት ግፊት ይሠራሉ። 250 ባር ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ የውስጥ ስፋቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆነን ሆዝ ከቦታው ሊነቅል የሚገፋው ኃይል ወደ 290 ኪሎ ግራም ከሚጠጋ ክብደት ጋር እኩል ነው። ይህን ሁሉ ተሸክመው የሚይዙት ጥቂት ጥርሶች ናቸው። ጥርሶቹ በሙሉ ጎናቸው ሳይቀመጡ ጫፍ ለጫፍ ብቻ ከተነካኩ፣ ሞተሩ ሲነሣ ምንም ላይታይ ይችላል። ባኬቱ አለት ሲነክስና ግፊቱ ሲወጣ ግን ሊላቀቁ ይችላሉ።

እርስ በርሱ የማይገጥም ይህን ሁሉ ዓይነት ጥርስ ማን አመጣው? በ1841 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትወርዝ ከየወርክሾፑ ቡሎን ሰብስቦ፣ መካከለኛውን ወስዶ፣ የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ ጫፉና ሥሩ ክብ የሆነ አንድ ወጥ ልክ አቀረበ። በ1864 ደግሞ አሜሪካዊው ዊሊያም ሴለርስ በፊላዴልፊያው ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት ፊት ቀርቦ፣ 60 ዲግሪ የሆነና ጫፉ ጠፍጣፋ ጥርስ ለመሥራት እንደሚቀል ተከራከረ። የቀረው አውሮፓ በሚሊ ሜትር የሚለካውን ጥርስ ያዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝና የአሜሪካ መለዋወጫ አልገጣጠም እያለ ስላስቸገረ፣ በ1948 አሜሪካ፣ ብሪታንያና ካናዳ ለቡሎንና ለዳዶ በአንድ የ60 ዲግሪ ጥርስ ተስማሙ። የቧንቧ ጥርስ ግን እስከ ዛሬ እንደተለያየ አለ። በኢትዮጵያ የመንገድና የግንባታ ሥራዎች ላይ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የቻይናና የአውሮፓ ማሽኖች ጎን ለጎን ስለሚሠሩ፣ የእነዚህ ሁሉ አገሮች ልክ በአንድ ጋራዥ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛል።

ስለዚህ ፊቲንጉን ለመለየት ከየት እንጀምር? ብዙ ሰው ካሊፐር አንሥቶ ስፋቱን ይለካል። እኔ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ እላለሁ፦ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው የትኛው ቦታ ነው? ጥርስ ሁለቱን ብረቶች አጥብቆ ይይዛል እንጂ በአብዛኛው ፊቲንግ ላይ ዘይት አያግድም። የማገዱ ሥራ የሌላ አካል ነው፤ ያ አካል ከታወቀ ደግሞ ግማሹ ምርጫ ከጠረጴዛው ይነሣል።

ፊት ለፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ በዙሪያው የኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ጎድጓዳ ካለው፣ ዘይቱን የሚያግደው ያ ጎማ ነው። ኦአርኤፍኤስ የሚባለው ቤተሰብ ይህ ነው፤ እኔ ለከፍተኛ ግፊትና ለሚንቀጠቀጥ ማሽን ከሁሉ አስበልጬ የማምነውም እሱን ነው። ኦሪንጉ ከጥርሱ በላይ፣ ከፊቲንጉ ትከሻ ሥር ከተቀመጠ ፓምፕ ወይም ቫልቭ አካል ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። ጎማ ጨርሶ ከሌለና ጥርሱ በውጭ ባለው ፊቲንግ፣ ማለትም በወንዱ ላይ ኮን ከታየ፣ ብረት ከብረት ጋር ተጫጭኖ ያግዳል ማለት ነው። እዚህ ላይ ኮኑን ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ወደ ውጭ የሾለ ከሆነ የአሜሪካው ጄአይሲ ወይም የኮማትሱ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ከሆነ የእንግሊዙ ቢኤስፒ ወይም የጀርመኑ ዲን ነው። እንዲህ ባለ ፊቲንግ ጥርስ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ምንም አይፈይድም። እንዲያውም የተቆረጠው ቴፍሎን ከዘይቱ ጋር ሄዶ ቫልቭ ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል።

ኦሪንግም ኮንም ከሌለ፣ የሚያግደው ራሱ ጥርሱ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥርስ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። የአሜሪካው ኤንፒቲም ሆነ የእንግሊዙ እየቀጠነ የሚሄድ ጥርስ በየ16 ሚሊ ሜትር ርዝመት ስፋቱ በ1 ሚሊ ሜትር ይቀንሳል። ይህን በዓይን ለማየት የካሊፐሩን ትይዩ መንጋጋዎች በጥርሱ ርዝመት ላይ ማሳረፍ ነው፤ በአንዱ ጫፍ በኩል ብርሃን ካሳለፈ እየቀጠነ የሚሄድ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው መለኪያው የሚሠራው። ለወንዱ የውጩን ስፋት፣ ለሴቷ የውስጡን ይለካሉ። ሴቷ ቀጥ ያለ ጥርስ ካላት፣ በውስጧ ስፋት ላይ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት ቢደምሩ የወንዱን ልክ በጣም ተጠግተው ያገኛሉ። ያገለገለ ጥርስ ጫፉ ስለሚበላ በሰንጠረዥ ካለው ልክ ጥቂት ማነሱ አይደንቅም። በጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ግን በማርጀት አይለወጥም፤ ከስፋቱ ይበልጥ የሚታመነውም ለዚህ ነው። የጥርስ መለኪያ ቅጠል ከሌለ፣ የሚታወቅ ፊቲንግ አምጥቶ ሁለቱን ወንዶች ጥርስ ለጥርስ አስተኝቶ ወደ ብርሃን መያዝ ይበቃል። በጠቅላላው ርዝመት ከተቃቀፉ አንድ ናቸው፤ እየሄዱ ከተፋቱ አይደሉም።

ስፋቱን ለክተው የሚደናገሩ ብዙ ናቸው። "ግማሽ ኢንች" የተባለው የቢኤስፒ ፊቲንግ ሲለካ 20.955 ሚሊ ሜትር ነው፤ ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስሙ የተሰጠው በጥንቱ የብረት ቧንቧ የውስጥ ቀዳዳ እንጂ በጥርሱ አይደለም። ስለዚህ የለኩትን ቁጥር በቀጥታ ስም አድርገው ወደ መለዋወጫ ሱቅ አይሂዱ፤ በሰንጠረዥ ያመሳክሩት።

አሁን ወደ ዋናዎቹ ወጥመዶች እንምጣ። ግማሽ ኢንች ቢኤስፒና ግማሽ ኢንች ኤንፒቲ ሁለቱም በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ አላቸው፤ ስፋታቸውም ይቀራረባል። አንዱ በሌላው ውስጥ ዙሮችን ይሄዳል፤ ጠበቅ ሲልም የተሳካ ይመስላል። የአንዱ ማዕዘን 55፣ የሌላው 60 ዲግሪ ስለሆነ ግን በጥርሶቹ መካከል ከሥር እስከ አፍ የሚጠመዘዝ ቀጭን መንገድ ይቀራል፤ ዘይቱም በዚያ ይወጣል። ሩብ ኢንች ላይ ቢሆን ኤንፒቲው 18፣ ቢኤስፒው 19 ጥርስ ስላለው ቶሎ ይነቃል። ሌላው ጥንድ ይብሳል፦ 3/4 ቢኤስፒ 26.44 ሚሊ ሜትር፣ የሜትሪኩ 27 በ2 ደግሞ 27 ሚሊ ሜትር ነው። በጥርሶቻቸው መካከል ያለው ርቀት 1.81 እና 2 ሚሊ ሜትር ነው። ባረጀ ብረት ላይ ይህን ልዩነት በጣት መለየት አይቻልም።

ጥርሱ በትክክል አንድ ሆኖ ፊቲንጉ የተለያየ የሚሆንበት ጊዜም አለ። 3/4 ኢንች ስፋትና በኢንች 16 ጥርስ ያለው ወንድ፣ 37 ዲግሪ ኮን ያለው ጄአይሲ፣ 45 ዲግሪ ኮን ያለው ዝቅተኛ ግፊት ፊቲንግ፣ ወይም ትከሻው ሥር ኦሪንግ ያለው ሊሆን ይችላል። የአንዱ ወንድ በሌላው ሴት ውስጥ ይጠመዘዛል። 37ን በ45 ላይ ቢያጠብቁ ኮኖቹ በቀጭን መስመር ብቻ ስለሚነካኩ፣ ባጠበቁት ቁጥር ብረቱ ይጎዳል እንጂ መፍሰሱ አይቆምም። በጀርመኑ ዲን ደግሞ ሜትሪክ 18 በ1.5 ጥርስ በቀላሉ ተከታታይ የ12 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ በከባዱ ተከታታይ የ10 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይይዛል፤ ስለዚህ ከጥርሱ ጋር የቱቦውንም ስፋት መለካት ግድ ነው። ማዕዘን ሲነበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል፦ የጄአይሲ 37 ዲግሪ የሚቆጠረው ከመሐል መስመር እስከ አንዱ ጎን ነው፤ የዲን 24 ዲግሪ ግን ከጎን እስከ ጎን ሙሉው ነው።

የማሽኑ አገር ፍንጭ ይሰጣል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። ሲሊንደሩ ወይም ፓምፑ ከሌላ አገር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከዓመታት በፊት የጠገነው ሰውም አዳፕተር ጨምሮበት ይሆናል።

ፊቲንጉን ለመፍታት ከመነሣትዎ በፊት ቡሙንና ባኬቱን መሬት ያስነኩ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የተጠራቀመውን ግፊት ያስወጡ። መፍሰሻውን ፈጽሞ በእጅዎ አይዳብሱ፤ በካርቶን ወይም በእንጨት ቁራጭ ይፈልጉት። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወረወር ዘይት ቆዳን በስቶ ይገባል። ቁስሉ ነጥብ ቢያህል፣ ባያምም እንኳ፣ ውስጡ ግን ሥጋውን ስለሚያበላሽ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ድንገተኛ ጉዳት ነው። እንዲህ ከደረሰብዎ ነገን ሳይጠብቁ ወዲያው ሆስፒታል ይሂዱ፤ የገባው የሃይድሮሊክ ዘይት መሆኑንም ለሐኪሙ ይንገሩ።